ሞተር ልንለምን ሄደን መርዶ ነጋሪ ሆንን

በዚያ ኅዳር ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለች አንዲት የኮፒና የፎቶ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው የሠርግ ጥሪ ሳባዛ እውላለሁ። ስሜ ሀብታሙ ነው፤ ጓደኞቼ ግን «ፕሮግራም» ይሉኛል። ሽርሽር እንሂድ ከተባለ ስንት ሰዓት እንደምንነሳ፣ የት ቁርስ እንደምንበላ፣ ዝናብ ቢመጣ የት እንደምንጠለል በወረቀት ጽፌ፣ አትሜ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስለማድል ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁብኝ አይደለም። ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ አመሌ ስለሆነ ነው።

ያን ሰሞን ያቀድኩት የሞተር ብስክሌት ጉዞ ነበር። እሑድ ከሐረር ተነስተን፣ አወዳይንና ሐረማያን አልፈን፣ ደንገጎ ላይ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን አስፋልት በቀኝ ትተን፣ በቁልቢና በጨለንቆ በኩል የተራራውን ጀርባ ይዘን እስከ ሂርና ልንሄድ፣ እዚያ አድረን ሰኞ ልንመለስ። ያንን መንገድ በአውቶቡስ መስኮት ያየ ሰው ምን እንዳማረኝ ይገባዋል። በአንድ በኩል እርከን የተሠራለት የማሽላና የጫት ማሳ ሽቅብ ይወጣል፣ በሌላው በኩል መሬቱ ድንገት ያልቅና ቆላው ከታች ይታያል። በአውቶቡስ ሲሆን አይታችሁ ሳትጨርሱ ያልፋል። እኔ የፈለግሁት ቆሜ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ደግሞ መንዳት ነበር።

አብሮ አቃጄ ረምዚ ነው። የጀጎል ልጅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ባሉበት ጎዳና ጨርቅ ይሸጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን ወረቀቱን አብረን ሠራን።

«መነሻ አሥራ ሁለት ተኩል» አልኩት።

«ወላሂ አንተ ሰው አብደሃል። በዚያ ሰዓት ብትነሳ ቁልቢ ላይ ጉሙ የፊት ጎማህን አያሳይህም።»

«ዘግይተን ብንነሳ ደግሞ የጫት መኪኖቹ ይመጡብናል።»

«እነሱ ከአወዳይ የሚጭኑት ቆይተው ነው። አንድ ሰዓት ተኩል በል። ጉሙም ይገፈፋል፣ እነሱም ገና ጫታቸውን እያሰሩ ነው። የጫት መኪና ሹፌር የሚያየው ሰዓት ነው፤ ሰው አያይም። ከፊቱ አትገኝ፣ ሌላ ምክር የለኝም።»

አንድ ሰዓት ተኩል ብዬ ጻፍኩ። ለፎቶ የምንቆምባቸውን ቦታዎች አምስት አደረግን። ረምዚ ግን ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ጣቱን አሳርፎ ቀና አለ።

«ማደሪያ ሂርና። ለምን ሂርና? ጨለንቆ ደርሰን ብንመለስ ምን ይጎድልብናል?»

«መንገዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚያምረው» አልኩ። ፊቴን ወደ ጨርቁ አዞርኩ። ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ እሱን ወዲያው እነግራችኋለሁ።

የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ሞተር የለኝም። ረምዚ የራሱ አለው። በሰፈራችን ደግሞ አንድ ያለ ሥራ የቆመ ሞተር አለ፤ የዮናስ ሞተር። ዮናስ አብሮ አደጋችን ነው፤ ሞተርና ባጃጅ ጠጋኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለማንም ሳይናገር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ተነሳ። ሞተሩ እናቱ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ፣ አንሶላ ለብሶ ቀረ። እናቱ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ሸዋ በር ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ከዮናስ በቀር ልጅ የላቸውም። መጀመሪያ ላይ ዮናስ በኢንተርኔት ይደውልላቸው ነበር። ከዚያ «መልክህን አሳየኝ» ማለት ጀመሩ፤ ስልኩም ቆመ። ያን ኅዳር ድምፁን ከሰሙ ሰባት ወር አልፏቸዋል።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ። ዮናስ ሳዑዲ አልገባም። ሂርና ነው ያለው።

እኔ ያወቅሁት ከዚያ ቀን አምስት ወር ቀደም ብሎ ነው። የማተሚያ መሣሪያችንን ዕቃ ላመጣ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የአውቶቡሱ ጎማ ሂርና ላይ ተነፈሰ። ጎማ ቤት ስንደርስ የጎማውን ብሎን ሊፈታ የመጣው ሰው ዮናስ ሆነ። ሁለታችንም ደነገጥን። ወደ ጓሮ ወሰደኝና ነገረኝ። በረሃውን አቋርጦ ባሕሩ ዳር ደርሷል። ጀልባዋን፣ የሰዉን ብዛት፣ ውሃውን አየ። ሰዎቹ ሲሳፈሩ እግሩ አልታዘዝ አለው። አብረውት የመጡት ሄዱ፣ እሱ ቀረ። ጀልባዋ ትድረስ ትስጠም እስከ ዛሬ አያውቅም። ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሐረር ለመግባት ፊት አጥቶ፣ ሂርና ላይ ቆመ።

«ሰፈሩ ሁሉ ሳዑዲ ነው እያለ፣ ፈርቼ ተመለስኩ ልበል?» አለኝ። «ለማንም እንዳትናገር። በቁልቢው ገብርኤል ማልልኝ።»

ማልኩለት። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ በእትዬ አስካለ በር ሳልፍ «ከዮናስ ወሬ አለ?» ይሉኛል፤ «ደህና ነው አይዞዎት፣ ኔትዎርክ ነው» እያልኩ አልፋለሁ። በወረቀቱ ላይ ሂርናን ማደሪያ ያደረግሁት፣ ረምዚ ከዮናስ ጋር ድንገት ቢገናኝ የማለው አፌ ሳይሆን መንገዱ ምስጢሩን ያወጣልኛል ብዬ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የሰውን ልጅ ሞተር መለመን ቀላል ነገር አይደለም፤ ያውም እናትየው እንደ ልጃቸው የሚጠብቁትን። ስለዚህ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ አልኩ። እትዬ አስካለ የማያሳፍሯቸው ሰው ጋሽ ክፍሌ ናቸው፤ የእድራችን ሰብሳቢ። ዓርብ ማታ ሄጄ ነገርኳቸውና «እሺ፣ ነገ ገበያ ሳትወጣ በጠዋት እንያዛት» አሉ። እኔም በወረቀቴ ላይ ጻፍኩት፤ ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እትዬ አስካለ ቤት።

እስቲ አስቡት። የእድር ሰብሳቢ፣ ከሁለት ጎልማሶች ጋር፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ልጇ ባሕር ማዶ ነው የምትባል እናት ደጃፍ ላይ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት፣ በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች መሆኑን ሕፃን ያውቃል። እኔ ለዝናብ፣ ለጉም፣ ለጫት መኪና ያሰብኩ ሰውዬ ይህ አልመጣልኝም። ጋሽ ክፍሌ ብርዱን ፈርተው ነጭ ጋቢ ተከናንበዋል። ረምዚ ከሱብሂ ሶላት ቀጥታ የመጣ በመሆኑ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። እኔ ለጉዞው የተዋስኩትን ጥቁር ጃኬት ለብሼ ነበር የመጣሁት።

ጋሽ ክፍሌ ቀስ አድርገው አንኳኩ። እትዬ አስካለ የበርበሬ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ከፈቱ። መጀመሪያ ጋሽ ክፍሌን አዩ፣ ከዚያ ረምዚን፣ ከዚያ እኔን። ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«እንደምን አደርሽ አስካለ» አሉ ጋሽ ክፍሌ። «እስቲ ግቢና ቁጭ እንበል፣ የምንነግርሽ ነገር አለን።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ድምፅ አልገልጸውም። ደረታቸውን እየመቱ በሩ ላይ ተቀመጡ። «ልጄን! ልጄን በላችሁት! ባሕሩ በላው!» አሉ።

«ኧረ እትዬ አስካለ፣ ሞተር ልንዋስ ነው የመጣነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ ወላሂ፣ ለሞተሩ ነው!» አለ ረምዚ።

ማን ይስማን። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ሁሌም ሌላ ነገር ነው የሚያወራው፤ ስለ ገበያ ያወራል፣ ስለ ጤና ይጠይቃል። የጎረቤት በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጡ። ጋሽ ክፍሌ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ምነው ልጄ፣ እኔንስ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? ሞተር ብላችሁ አታለላችሁኝ?»

«ጋሽ ክፍሌ፣ አልሞተም! የመጣነው እውነት ለሞተር ነው!»

«አልሞተም?» አሉ። «እንዴት አወቅህ?»

ይህን ጥያቄ እትዬ አስካለም ሰሙት። ለቅሷቸውን ገታ አድርገው ቀና አሉ። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶችም ዞሩ። ሁሉም እኔን ያያል። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሂርና ነው፣ ካየሁት አምስት ወር ሆኖኛል። ግን መሐላው ትዝ አለኝ። ከመሐላው የበለጠ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ «አምስት ወር እያወቅህ?» የሚለው ጥያቄ ታየኝ። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

ምናልባት ለአምስት ሰከንድ ነው ያቀረቀርኩት። መርዶው የተነገረው ያኔ ነው። እትዬ አስካለ ከመጀመሪያው በባሰ ድምፅ ጮኹ፤ ጋሽ ክፍሌ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው «እግዜር ያጽናሽ» አሉ። ከዚያ በኋላ አንገቴን ቀና አድርጌ «ሂርና ነው! በሕይወት አለ! በዓይኔ አይቼዋለሁ!» ብል ሰው በእዝነት ያየኝ ጀመር። ጋሽ ክፍሌ ትከሻዬን ደግፈው «ልጄ፣ እኔም የመጀመሪያ መርዶዬን ልናገር ስሄድ እንዲሁ አፌ እውነቱን አልናገር ብሎ ቀባጥሬያለሁ። ነውር የለውም» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ሰምተውኝ ነበር። በሴቶቹ መሐል እንደተያዙ ወደ እኔ አፈጠጡ።

«ሂርና? ልጄ ሂርና ምን ይሠራል? ሂርና ካለ እናቱን አያውቅም? እዚህ ጋ እያለ ነው ሰባት ወር የረሳኝ?» አሉ። «አትደልለኝ ሀብታሙ። ካለ አምጣው። እፊቴ አቁመው!»

ስልኬን አውጥቼ ዮናስ ሂርና በሰጠኝ ቁጥር ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም» ይላል። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ረምዚ ግቢው ውስጥ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። ሁሉንም ነገርኩት።

«አምስት ወር?» አለኝ። «እኔንም ደብቀህ?»

«ምዬ ነበር።»

«እሷ በደጇ ባለፍክ ቁጥር ስትጠይቅህ መሐላው አፍህን ይዞት?» አለና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ደረቴ ላይ ለጠፈው። «ሂድ። ሞተሬን ውሰድ። አላህ ካለ እስክትመጣ እዚህ ሆኜ የለቅሶውን ድንኳን ላስቀር እሞክራለሁ።»

አላስቀረም። ከሰፈር ስወጣ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ሲመጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

መንገዱን ንገረን ካላችሁኝ የምነግራችሁ ጥቂት ነው። አወዳይን ሳልፍ የጫት መኪኖቹ እንደተባለው ገና ያስራሉ። ደንገጎ ላይ ወደ ግራ ያዝኩ። ከቀርሳ በላይ ብርዱ በጃኬቱ ገብቶ ጣቶቼን አደረቀው። ለፎቶ ከመረጥናቸው አምስት ቦታዎች አንዱም ላይ አልቆምኩም፤ የት የት እንደነበሩም አላስተዋልኩም። ቁልቢ ላይ ጉሙ አልተገፈፈም ነበር። የሞተሩን መብራት አብርቼ በጥሩምባ እየጮህኩ አለፍኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በላይ በኩል በጉሙ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። መሐላዬን ላፈርስ በፊቱ እየሄድኩ እንደሆነም አውቃለሁ። «ይቅር በለኝ፣ የማልኩት ራሱ ስህተት ነው» አልኩ በልቤ። ጨለንቆ ስደርስ ፀሐይ ወጣች። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእትዬ አስካለ ልብ ደህና አይደለም፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ እሱን ሳላደርስ አንድ ነገር ቢሆኑስ?

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሂርና ገባሁ። ዮናስ የአንድ ባጃጅ ሆድ ሥር ተኝቶ ነበር። እግሩን ጎተትኩት። ጥቁር ዘይት በፊቱ ላይ እንደተቀባ ወጣና ሲያየኝ ሳቀ።

«ፕሮግራም! እንዴት መጣህ?»

«ስልክህ የት ነው?»

«ሻይ ቤት ቻርጅ ላይ ነው። ምነው?»

«ሞተሃል» አልኩት። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሃል። ድንኳንህ ተተክሏል። እናትህ ደረቷን እየመታች ነው። ና ተነስ።»

የሆነውን በአጭሩ ነገርኩት። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ባጃጁ ጎን ላይ ተቀመጠ።

«ማን ማን መጣ?» አለኝ።

«ሰፈሩ በሙሉ። ምኑን ትጠይቃለህ?»

መሬት ላይ ያለውን መፍቻ አነሳ። ከዚያ እስከ ዛሬ ያልረሳሁትን ነገር ተናገረ። «እንግዲህ ከተለቀሰ አይቀር ይለቀስ በቃ።»

«ምን?»

«ስማኝ ሀብታሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ብዬ እገባለሁ እያልኩ አልተኛሁም። አሁን ሞቷል ብለዋል። ባሕር በላው ብለዋል። ክብር ያለው ነገር ነው። እንባዋ ይወጣላትና ትጽናናለች። ነገ ስገባ ግን ፈርቶ የተመለሰው ልሆን ነው፣ እስክሞት ድረስ።»

ተናደድኩ። ሰው ሰድቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የሚሰደበውን ሁሉ ሰደብኩት። እጁን ይዤ ስጎትተው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ደንበኛው የባጃጅ ሹፌር ነገሩ ስላልገባው ራቅ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ ረምዚ ነው።

«አገኘኸው?» አለኝ። ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል።

«አግኝቼዋለሁ። አልመጣም እያለ ነው።»

ረምዚ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድምፁን ከፍ አድርገህ ስልኩን ለእሱ ስጠው። እኔ ወደ ሴቶቹ ልጠጋ ነው።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ባጃጁ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ ለቅሶ ተሰማ። ከዚያ የእትዬ አስካለ ድምፅ ለብቻው ወጣ። ድምፃቸው ሰልሏል፤ ሙሾ እያወረዱ ነበር።

«ባሕር ያልፈራው ልጄ፣ ማዕበል ያልፈራው፤
ለእናቱ ሲል ሄዶ ውሃ ላይ የቀረው።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እሳቸው ደገሙት። «የኔ ደፋር! ሰው የሸሸውን የደፈርክ!» አሉ።

ዮናስ ስልኩን አትኩሮ ያያል። መፍቻው እጁ ላይ እንዳለ ተረስቷል።

«ደፋር የምትለው እኔን ነው?» አለ።

«ሌላ ልጅ አላት?»

«እኔ እኮ አልተሳፈርኩም። ሀብታሙ፣ የሌለ ሰው ነው የምታለቅሰው።» እንባው ዘይቱን አልፎ ወረደ። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ቢያንስ እኔን ታልቅስ። ና እንሂድ።»

ፊቱን እንኳ አልታጠበም። ከኋላዬ ተቀመጠና ወገቤን ያዘ። መንገዱን ሁሉ የተናገረው «ቀስ በል» ብቻ ነው።

አወዳይ ስንደርስ ለረምዚ ደወልኩ። ሰፈር መግቢያ አስፋልቱ ዳር ስንቆም ጋሽ ክፍሌ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመው ይጠብቁናል፤ ረምዚ ነው ያወጣቸው። ጋሽ ክፍሌ ዮናስን ሲያዩ አማተቡ። ቀረብ ብለው ጉንጩን በእጃቸው ዳበሱ፣ ዘይቱ ጣታቸው ላይ ተቀባ፣ ደግመው አማተቡ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያው የሰብሳቢነት ድምፃቸው መጣ። «አሁን እንዲህ ዘሎ መግባት የለም። ደስታም ሰው ይገድላል። ቀስ ተብሎ መነገር አለበት። እኛ ሦስታችን ቀድመን ገብተን፣ አረጋግተን እንነግራታለን። እናንተ ከድንኳኑ ውጪ ቆዩ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው ተሰልፈው ገቡ። እኛ ሸራውን ተጠግተን ቆምን። በቀዳዳው በኩል ጠረጴዛው ላይ የዮናስ ትልቅ ፎቶ ይታያል፤ የታተመው እኔ የምሠራበት ቤት ነው፣ ያኔ እኔ ባለመኖሬ ባለቤቱ ነው ያተመው። ዮናስ አየውና «ጥሩ አድርጋችሁ አትማችሁታል» አለ።

ውስጥ ጋሽ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስካለ፣ እስቲ ተረጋጊ፣ የምንነግርሽ ነገር አለን» ሲሉ ሰማሁ።

አያችሁ፣ ከዚህ ሌላ አነጋገር አያውቁም። እትዬ አስካለ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ዳግመኛ ፊታቸው ተደርድረው ሲያዩ «ደግሞ ማንን ልትነግሩኝ ነው? ማን ቀረኝ?» ብለው ጮኹ። ዮናስ ይህን ሲሰማ መጠበቅ አልቻለም። ሸራውን ገልጦ ገባ።

አንዲት ሴት ጮኸች። አግዳሚ ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ተነስተው ቆሙ። ዮናስ መሐል ላይ፣ ከገዛ ፎቶው አጠገብ፣ በዘይት እንደተጨማለቀ ቆመ። እትዬ አስካለ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩት። አልወደቁም፣ አልጮኹም። በጣም ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዮናስ ነህ?» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ከየት መጣህ?»

«ከሂርና።»

«ባሕሩን ተሻግረህ አልነበር?»

ዮናስ ዙሪያውን አየ። ያደገበት ሰፈር በሙሉ አለ፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ የድሮ ደንበኞቹ፣ «ሳዑዲ ነው» እያሉ ስሙን ሲያነሱ የኖሩት ሁሉ። ሊዋሽ ይችል ነበር። አባረሩኝ ቢል ማን ያጣራል?

«አልተሻገርኩም እማዬ» አለ። «ጀልባው ጋ ደርሼ ፈራሁ። ሌሎቹ ተሳፈሩ፣ እኔ ፈርቼ ተመለስኩ። ማፈሬ ነው የደበቀኝ።»

እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው አስነሷቸው። ወደ ልጃቸው ሄደው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ፤ ያ የሰለለ ድምፃቸው ከየት እንደመጣ ባላወቅነው ኃይል ወጣ።

«ሰምታችኋል? ልጄ ፈርቷል! ፈራልኝ! እሰይ የኔ ፈሪ! እሰይ ፈራህልኝ!»

እልል አሉ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እልልታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ሁለቱ ሴቶች ግራ ተጋብተው ተያዩ፣ ከዚያ ሁሉም ተቀበሏቸው። ረምዚ አጠገቤ ቆሞ በጀለቢያው እጅጌ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

የታሪኩ መጨረሻ ይህ ቢሆን እኔም በወደድኩ ነበር። ግን አልነበረም። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ዮናስ ሊታጠብ ሲገባ እትዬ አስካለ ወደ እኔ መጡ። ምርቃት የጠበቅሁ ይመስለኛል።

«አንተ መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉኝ።

«አምስት ወር ሆነኝ እትዬ አስካለ። አስምሎኝ ነበር።»

«አምስት ወር» አሉ። አልተቆጡም። «በደጄ ስታልፍ ስንት ቀን ጠየቅሁህ?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ይቀበሉ ነበር። ዮናስ አስታራቂ ሆኖ ሞከረ፣ ጋሽ ክፍሌም ሞከሩ። «ቂም አይደለም፣ ፊቱን ሳይ እነዚያ ጠዋቶች ናቸው የሚመጡብኝ» አሏቸው።

ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ እንዲህ ነው የምላችሁ። ዮናስ ፈራሁ ብሎ ሁለት ዓመት ተሸሸገ፤ የእሱ ፍርሃት ግን ነፍሱን ነው ያተረፈለት። የእኔ ፍርሃት ስም እንኳ አልነበረውም፤ እኔ «ቃሌን ጠባቂ ነኝ» እያልኩ ነበር የምጠራው። የጓደኛን ምስጢር መጠበቅ ደግ ነገር ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ እጠብቃለሁ። ግን ምስጢሩን የሚጠብቀው ሰው ማን ላይ እንደቆመ ዝቅ ብሎ ማየት አለበት። እኔ የቆምኩት በአንዲት እናት ላይ ነበር። በየጠዋቱ «ኔትዎርክ ነው» ብዬ አልፌ ሻዬን እየጠጣሁ ሥራ እገባ ነበር፣ እሳቸው ስልኩን እንደያዙ በሩ ላይ ይቀሩ ነበር።

ይህን ከምታነቡ ሰዎች መካከል እንደዚህ ያለ ነገር የያዘ እንዳለ አልጠራጠርም። የአንድ አባት ልጅ መታሰሩን የሚያውቅ፣ የአንዲት እህት ወንድም መታመሙን የሚያውቅ፣ ዝም በል ተብሎ የማለ። እኔ ለእናንተ የምሰጠው ትልቅ ምክር የለኝም። ነገ ጠዋት ግን ያ ሰው በደጃፉ ቆሞ ሲጠይቃችሁ ቶሎ አትለፉ። ፊቱን እዩት። እኔ አምስት ወር ሙሉ የእትዬ አስካለን ፊት አላየሁም ነበር።

ዘንድሮ ለትንሣኤ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝ። ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሳህኑን ፊቴ አስቀመጡና «ብላ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁ።